የሚጥል በሽታ፦ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ቡናና ስለ ውሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታናሽ እህቴን በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የጣላት በ14 ዓመቷ ነው። ቡና እየቆላች ነበር። ከሰሉ ላይ ወደቀች። ግራ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም ይታያል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ "የእኔንም ልጅ እንዲህ ያደርገዋል" የሚል የማናውቀው ሰው ሳይቀር ብዙ ጠይቆናል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የሰበሰብኩት ከሐኪሞቿ የሰማነውን፣ ያነበብነውንና በቤታችን ኖረን ያየነውን ነው። የእርስዎን የኪኒን ዓይነትና መጠን የሚወስነው የሚያክምዎት ባለሙያ ብቻ ነው።

መድኃኒቱን ትቼ በምግብና በእንቅልፍ ብቻ ልቆጣጠረው እችላለሁ?

አይችሉም። ይህን የማስቀድመው ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በሽታው የሚጥለው የአንጎል ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲለቁ ነው። ኪኒኑ ይህን ያረጋጋል። እንቅልፍ፣ ምግብና የውሎ ሥርዓት ኪኒኑን ያግዙታል እንጂ አይተኩትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ አለበት። በጊዜ ከታወቀላቸውና በደንብ ከታከሙ፣ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። መድኃኒቱም ሁሉ ውድ አይደለም። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ዋጋው የሚቀመስ ኪኒን ነው።

"ስድስት ወር አልጣለኝም፤ ድኛለሁ" ብሎ በድንገት ማቆም ግን በጣም አደገኛ ነው። በሽታው ሳያባራ እየደጋገመ ሊጥል ይችላል። ያ ደግሞ ሕይወት ያሳጣል። ሳይጥላቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለቆዩ አንዳንድ ሰዎች ሐኪሙ ራሱ መጠኑን በወራት ውስጥ ቀስ እያደረገ ሊቀንስ ይችላል። እሱን ለሐኪሙ ይተዉለት።

ምንድን ነው የሚቀሰቅሰው?

ከሁሉ በፊት ኪኒን መዝለል ነው። ቀጥሎ እንቅልፍ ማጣት። ከዚያ ትኩሳት፣ መጠጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ ለአንዳንድ ሴቶች የወር አበባ ሰሞን። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብዙ ይወራለታል፤ የሚያስቸግረው ግን በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች ሦስቱን ያህል ብቻ ነው።

የእርስዎን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በመመዝገብ ነው። እናቴ ማንበብ እንጂ መጻፍ ብዙም አትወድም። ስለዚህ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር ተጠቀመች። በቀይ እስክሪብቶ፣ የጣላት ቀን ኤክስ። ኪኒን የዘለለችበት ቀን ክብ። ሳትተኛ ያደረችበት ቀን አንድ መስመር። ሌላ ነገር የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ካላንደሩን ጠቅልላ ለሐኪሙ ወሰደችለት። ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ አየው። ሰባት ኤክስ ነበር። አምስቱ ከመስመር ወይም ከክብ በኋላ ባለው ቀን ላይ ነው ያረፉት። አንደኛው የጎረቤት ለቅሶ ያደርንበት፣ አንደኛው የፈተና ሰሞን፣ አንደኛው ፋሲካ። እኛ "ዝም ብሎ ነው የሚመጣው" ስንል ነበር የኖርነው።

እንቅልፍ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው ኢኢጂ የሚባለው ምርመራ ሲታዘዝ፣ ሐኪሞች አንዳንዴ "ሌሊቱን ሳትተኛ ና" ይላሉ። ያልተኛ አንጎል ችግሩን ቶሎ ስለሚያሳይ ነው። እነሱ ሆን ብለው ለምርመራ የሚያደርጉትን እኛ ሳናውቀው ለቅሶ ቤት እናደርገዋለን።

ለአዋቂ ሰው ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ለወጣቶችና ለልጆች ከዚያም ይበልጣል። የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይበቃም፤ በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት ያስፈልጋል። እህቴ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኪኒኗን ትውጣለች፣ 4 ሰዓት ትተኛለች። ቅዳሜም እንዲሁ ነው።

ከባዱ በዓል ነው። ፋሲካ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጣላት። ነገሩን ስናስበው ያስደነግጣል። ዓርብና ቅዳሜ አክፍላለች፤ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ቅዳሜ ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ዶሮ ስትገነጥል ውላለች። ማታ ቤተ ክርስቲያን ነች፤ ኪኒኑ ቤት ቀርቷል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተመልሳ ጾም ፈታች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደቀች። አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንም አይጠራትም፤ ተኝታ ነው የምትውለው። አክፍሎት ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ትታለች። ኪኒኗ በትንሽ ፌስታል ነጠላዋ ጫፍ ላይ ታስሮ አብሯት ይሄዳል። ፋሲካ ቀን ደግሞ እስክትጠግብ ትተኛለች፤ እንግዳ መጣ ተብሎ አትቀሰቀስም።

የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ፈረቃ ለማስቀየር የሐኪም ወረቀት ይረዳል። በእንቅልፉ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውም ይህን ሳይናገር አይውጣ፤ ለብቻው የሚታከም ነገር ነው።

መጾም እችላለሁ?

ጥያቄው ሁለት ነው። የጾም ምግብ መብላት ችግር የለውም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በሽታውን አይቀሰቅስም። ጥያቄ የሚሆነው ከምግብና ከውኃ ተከልክሎ የሚቆይበት ሰዓት ነው። እሱ ኪኒኑን ያዘልላል፣ ሰውነትን ያደርቃል፣ እንቅልፍን ያዛባል።

እህቴ አንድ ዓቢይ ጾም ላይ የጠዋቱን ኪኒን በድብቅ ትታ ነበር። "በውኃ ከዋጥኩት ጾሜ ይፈርሳል" ብላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ጣላት። ንስሐ አባቷ ሲሰሙ አዘኑ። "ልጄ፣ ለታመመ ሰው ያልተጣለ ሸክም ለምን ትሸከሚያለሽ? ኪኒንሽን በውኃ ዋጪ" አሏት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢላት አትሰማም። እርስዎም ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በራስዎ አይወስኑ።

በእስልምናም የታመመ ሰው ረመዳንን እንዲያፈጥር በቅዱስ ቁርኣን ተፈቅዶለታል። ለመጾም የፈለገ ግን ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ፌኖባርቢታልን የመሰሉ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ሌሎቹ ግን በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ናቸው፤ የሰዓቱን ለውጥ ሐኪሙ ነው የሚያስተካክለው። የሁለት ጊዜውን በአንድ ጊዜ መዋጥ መፍትሔ አይደለም።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። ኪኒኑን ላቁም?

አያቁሙ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለዚህም ያው ነው። እምነትዎን የሚነካ ሰው የለም፤ ኪኒኑን ግን ይዘው ይሂዱ። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ብቻዎን አይግቡ። በጠበል ቦታ ሌሊት ተነሥቶ መጠበቅ ካለ፣ ቀን ላይ ይተኙ።

ቡና መተው አለብኝ?

መጠነኛ ቡና በሽታውን ይቀሰቅሳል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ይህን ስንሰማ እናቴ እፎይ አለች። የቡናው ችግር እንቅልፍ መንሣቱ ነው። ማታ የሚፈላ ቡና ላይ እስከ በረካ የሚቀመጥ ሰው 6 ሰዓት ላይ ዓይኑ ፈጦ ኮርኒስ ሲያይ ያድራል። ቡናዎን ጠዋት ይጠጡ። ከሰዓት የሚጠጡ ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ማታ ጎረቤት ሲጠራዎት ቁርሱን በልተው ጨዋታውን ተጫውተው ይመለሱ።

ጫትና መጠጥስ?

ጫት ምርቃናው ካለፈ በኋላም እንቅልፍ ይነሣል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ኪኒን ያስረሳል። ከዚያ "ለጨብሲ" ተብሎ ቢራ ወይም አረቄ ይከተላል። ለዚህ በሽታ ከዚህ የከፋ ማታ የለም።

መጠጥ ሰውን ሲጠጣም ሲያቆምም ይጎዳል። ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ፣ በሽታው የሌለበት እንኳ ቢሆን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ለማቆም የወሰነ ብዙ ጠጪ ጤና ተቋም ሄዶ በእርዳታ ያቁም። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ መጠጥ ማደንዘዙን ያበዛል፤ ትንፋሽ እስከ ማዳከም ይደርሳል። ሐኪሙ ሲጠይቅዎት እውነቱን ይንገሩት። ፖሊስ አይደለም።

የተከለከለ ምግብ አለ? ኬቶ የሚባለውስ?

ለሁሉም ሰው የሚሆን የተከለከለ ምግብ ዝርዝር የለም። ይልቅ ምግብ በሰዓቱ ይብሉ፤ ቁርስ አይዝለሉ፤ ውኃ ይጠጡ። ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን የሚባለው ሌላው የዚህ በሽታ ኪኒን ለረጅም ዓመት ሲወሰዱ አጥንት ሊያሳሱ ስለሚችሉ፣ የጠዋት ፀሐይ መሞቅና ካልሲየም ያለበት ምግብ መብላት ይጠቅማል።

ኬቶ ስብ የሚበዛበት፣ እንጀራና ዳቦን የመሰለ ምግብ በጣም የሚቀነስበት አመጋገብ ነው፤ የቆየ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ራስል ዋይልደር የሚባል የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ለዚህ በሽታ ነው ያቀረበው። የውፍረት መቀነሻ ሆኖ በቲክቶክ የመጣው በኋላ ነው። በመድኃኒት እምቢ ያላቸውን ሕፃናት ይረዳል። ግን ጥብቅ ነው። በዋናው ዓይነት ለ4 ግራም ስብ የሚፈቀደው ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ተደምሮ 1 ግራም ነው። እንጀራ፣ ቂንጬ፣ ሽሮ፣ ድንች ከገበታው ይነሣሉ ማለት ነው። ለልጅ ይህን ቤት ውስጥ በግምት መጀመር አይገባም። የሕፃናት የነርቭ ሐኪምና የምግብ ባለሙያ፣ የደም ምርመራም ያስፈልገዋል።

"ጥሬ ሥጋ ነው ያመጣው" የሚለውም ይነሣል። ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ አንጎል አይገባም። አንጎል ገብቶ የሚጥል በሽታ የሚያመጣው የአሳማ ኮሶ እንቁላል ነው። እሱም በዓይነ ምድር በተበከለ እጅ፣ ውኃና ያልታጠበ አትክልት በኩል ነው የሚገባው። ሰላጣውን በደንብ ይጠቡት።

ሲጥለው ክብሪት እናሸተዋለን። ልክ ነው?

አይደለም። እኛም ስናደርገው ኖረናል። ክብሪቱ የሚሠራ የሚመስለው፣ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ስለሚለቅ ነው። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫው ሥር እስኪያዝ ያ ጊዜ ያልፋል። ሰውየው ይነቃል፤ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። በዚህ መሐል አፍንጫው የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሰዓት ይዩ። ከእሳት፣ ከስለት፣ ከመንገድ ያርቁት። ነጠላም ጃኬትም ቢሆን ከራሱ ሥር ያድርጉ። አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ ያላሉት። በጎኑ ያስተኙት፤ አረፋውና ምራቁ ይውጣ። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት፣ ውኃ፣ ኪኒን፣ ምንም አያስገቡ። ምላሱን አይውጠውም። መንቀጥቀጡን በጉልበት ለማስቆም አይያዙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ከተጎዳ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ምራቁን በመንካት ወደ እርስዎ አይተላለፍም። ሰው ወድቆ እያለ "እንዳይለክፈኝ" ብሎ የሚሸሸው ሰው ነው ልቤን የሚሰብረው።

ቤት ውስጥ ምን እናስተካክል?

እሳት! እኛ አገር ይህን በሽታ ከሌላው አገር የሚያከፋው አንዱ ነገር መሬት ላይ ያለ ምድጃ ነው። በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፋና ወጊ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ጥናት አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ ነበረበት። በአንድ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ስንት ምድጃ፣ ስንት በሽታው የሚጥለው ሰው እንዳለ ያስቡት።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። ከሰል ምድጃውን ከመሬት አንሥተን በወገብ ልክ በብሎኬት ደልድለን አስቀመጥነው። ድስት ሲጣድ እጀታው ወደ ግድግዳ ይዞራል። እንጀራ የምትጋግረው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ቡና ግን ትወዳለች፤ መቁላቱን እኔ እቆላለሁ፣ ማፍላቱ የእሷ ነው። አልጋዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረግነው። የሻወርና የሽንት ቤት በር ከውስጥ አትቆልፍም፤ "ሰው አለ" የሚል ካርቶን ታንጠለጥላለች። ገንዳና በርሜል ውስጥ አትታጠብም። ገጠር ያለ ሰው ወንዝ ብቻውን አይውረድ፤ ዛፍ አይውጣ። ልጅ ከሆነ ከብት ጥበቃ ሲሄድ ጓደኛ ይኑረው።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

ይጋጫል፤ ስለዚህ ፋርማሲ ሲገቡ መጀመሪያ "የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ" ይበሉ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ራሱ ሊያስጥል ይችላል። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያንም ለአንዳንድ ሰው እንዲሁ።

ሴቶች ይህን ልብ ይበሉ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት የዚህ በሽታ ኪኒኖች የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ሴቷ መከላከያውን እየተጠቀመች ልታረግዝ ትችላለች። በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕና በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ግን አይዳከሙም። ቫልፕሮኤት የሚባለው የዚሁ በሽታ መድኃኒት ደግሞ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ፎሊክ አሲድም ትጀምር። አርግዛ ያወቀች ደግሞ ደንግጣ ኪኒኑን አትጣል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ። ይህ በሽታ ኖሮባቸው ጤናማ ልጅ የወለዱ እናቶች ብዙ ናቸው።

ዓረብ አገር ለሥራ ልሄድ ነው። ምን ላድርግ?

ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። በፌስታል ፈታ አድርገው ይዘው ቢገኙ ችግር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ከመሄድዎ በፊት የሚሄዱበት አገር ምን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ከኤምባሲው ይጠይቁ። ኪኒኑን በራሱ ማሸጊያ ያድርጉት። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የሕመሙ ስም የተጻፈበት የሐኪም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ያስጽፉ። ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ አገር ቤት ላለ ሰውም ይላኩ። ሰው ቤት ሥራ ላይ እንቅልፍ ያጥራል፤ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የቤቱ ሰው ነገሩን ይወቅ።

አንድ ኪኒን ብረሳስ?

ባስታወሱበት ጊዜ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ግን የተረሳውን ይተዉት፤ ደርበው አይውሰዱ። የስልክ ደወል ይሙሉ። ኪኒኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ። የመጨረሻዋን ውጦ ፋርማሲ መዞር አይሆንም፤ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል።

ለትምህርት ቤት ልንገር ወይስ ልደብቅ?

ይንገሩ። የመገለሉ ነገር እኛንም አስፈርቶን ሁለት ዓመት ደብቀናል። ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ልጆቹ ተረጋግጠው ወጡ፤ መምህሩ ማንኪያ ሊያስገባ ሲታገል ጥርሷ ተሰበረ። በማግስቱ እናቴ ለመምህሩ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው። መጻፍ አትወድም ብያለሁ፤ ይህችን ግን ጻፈች። "ስትወድቅ በጎኗ አዙራት። አፏ ውስጥ ምንም አታስገባ። ሰዓት ያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ ከዚያ ደውልልኝ። ስትነቃ አጠገቧ ሁን፤ ታፍራለች።"